የምህንድስና ዶክትሬት መስፈርት ለዩኒቨርሲቲውም ይጻፍ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በምህንድስና የዶክትሬት ዲግሪ ለማግኘት ተማሪው ሊያሟላቸው የሚገቡ ነገሮች በየመመሪያው በዝርዝር ሰፍረዋል። የሁለተኛ ዲግሪ ውጤት፣ የመግቢያ ፈተና፣ ኮርሶች፣ አጠቃላይ ፈተና፣ በመምህራን ፊት ቀርቦ የሚጸድቅ የጥናት ዕቅድ፣ በታወቀ ጆርናል የሚታተም ጽሑፍ፣ በመጨረሻም ከሌላ ተቋም የመጣ ፈታኝ ባለበት የሚካሄድ የመመረቂያ ጽሑፍ ግምገማ አለ። ሁሉም ተገቢ ነው፤ አንዱም እንዲቀልል አልጠይቅም። የምጠይቀው፣ እኔ ባየኋቸው መመሪያዎች ውስጥ ዩኒቨርሲቲው ራሱ አስቀድሞ ሊያሟላው የሚገባው ነገር በመስፈርትነት ለምን እንዳልተጻፈ ነው።

እኔ በጎንደር የሲቪል ምህንድስና መምህር ነኝ። የዶክትሬት ጥናቴም የክረምት ጎርፍ ከእርሻ ጠርጎ ወደ ወንዝ የሚያወርደውን ደለል የሚመለከት ነበር። ለጎንደር የመጠጥ ውኃ የሚያቀርበው የአንገረብ ግድብ በደለል መጎዳቱን፣ የውኃ ፈረቃ ሲጠብቅ ጀሪካን ደርድሮ ያደረ የከተማችን ነዋሪ ሁሉ ስለሚያውቀው የርዕሱን አስፈላጊነት ማስረዳት አያሻኝም። እንዲህ ያለ ጥናት ግን በበጋ አይሠራም። ወንዝ የዓመቱን ደለል አብዛኛውን የሚያመጣው በሐምሌና በነሐሴ፣ ያውም ለጥቂት ሰዓታት በሚወርዱ ደራሽ ጎርፎች ነው። አጥኚው በእነዚያ ሰዓታት ወንዙ ዳር ተገኝቶ ናሙና ካልቀዳ፣ ከዚያም አጣርቶና በምድጃ አድርቆ ካልመዘነ የሚጽፈው ነገር የለውም። የአንድ ክረምት ልኬት ብቻውን ዝናቡ የበዛበት ዓመት ይሁን ያነሰበት ስለማይለይ ደግሞ ቢያንስ ሁለት ክረምት ያስፈልጋል።

ይህን በአብዛኛው ለዶክትሬት ከሚሰጠው የአራት ዓመት ጊዜ ጋር ያስተያዩት። ኮርሱ፣ አጠቃላይ ፈተናውና የጥናት ዕቅዱ እስኪጸድቅ ድረስ ሁለቱ ዓመታት ይገባደዳሉ። በእኔ ላይ የደረሰው፣ በሰኔ ይገባል የተባለው የመለኪያ ዕቃ በመስከረም መጨረሻ መድረሱ ነው። በግዥ መዝገብ ላይ ይህ የሦስት ወር መዘግየት ነው፤ በጥናቱ ላይ ግን አንድ ሙሉ ዓመት ነው፤ ያለፈ ክረምት አይመለስምና። ጊዜው ሲቆጠር ግን የተቆጠረው በእኔ ላይ ነበር፤ የማራዘሚያ ማመልከቻ የጻፍሁትም፣ ምክንያት እንዳቀርብ የተጠየቅሁትም እኔ ነኝ።

በአሜሪካ በምህንድስና የመጀመሪያው ዶክትሬት እ.ኤ.አ. በ1863 ከዬል ዩኒቨርሲቲ ለጆሳያ ዊላርድ ጊብስ ሲሰጥ፣ የጥናቱ ርዕስ የማርሽ ጥርሶች ቅርፅ ነበር። ያ የጂኦሜትሪ ሥራ ነውና ብዙውን በወረቀትና በእርሳስ መጨረስ ይቻል ነበር። የእኛ መመሪያዎች ሁሉንም የምህንድስና ጥናት እንደዚያ የሚቆጥሩ ይመስላሉ። የፋሲል ግቢን ግንቦች ለመጠገን የሚሆን የኖራ ቡኬት ላጥና የሚል ተማሪ ቢመጣ፣ ኖራ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ በቀስ የሚጠነክር ስለሆነ ናሙናው ወራትን ይጠብቃል፤ የናሙናውን ጥንካሬ የሚለካው የመጭመቂያ ማሽን በዚያ መካከል ቢበላሽ ጥፋቱ የማን ነው?

ስለዚህ ማንኛውም የትምህርት ክፍል በምህንድስና የዶክትሬት ተማሪ ከመቀበሉ በፊት፣ ለጥናቱ የሚያስፈልገው መሣሪያ በእጁ እንዳለና እንደሚሠራ፣ የጥናቱ ቦታ ባለቤት የሆነው መሥሪያ ቤት እንደፈቀደ፣ ገንዘቡም እንደተያዘ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ ይደረግ። በተቋሙ ምክንያት ሥራው ሲቆም የተማሪው ጊዜ አይቆጠር። ከዚህም አልፎ፣ በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በሚሰጠው የምህንድስና ዶክትሬት ተማሪው አብዛኛውን ጊዜውን ችግሩ ባለበት ድርጅት ውስጥ እየሠራ እንደሚያሳልፈው፣ የእኛም ተማሪ በውኃ አገልግሎት ወይም በቅርስ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ተመድቦ ቢያጠና፣ ርዕሱም መሣሪያውም ከሥራው ጋር ይገናኛሉ። ይህ ሁለተኛው ሐሳብ ጊዜ ሊወስድ ይችላል፤ የመጀመሪያው ግን አንድ የሴኔት ስብሰባ ይበቃዋል።

ዘንድሮ ተመዝግቦ ደለል ለማጥናት ያሰበ ተማሪ ካለ፣ መለኪያው ከሰኔ በፊት እጁ ሊገባ ይገባል።

አንድ የሲቪል ምህንድስና መምህር
ከጎንደር