ስለ ክርስትና ልጄ ፊት

ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እናትሽ፣ ባለቤትሽ፣ ልጆቹ ሁሉ እንዴት ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አዳማ እንደምታውቂያት ናት፤ ሙቀቷም አቧራዋም አልቀነሰም። አንቺ ደብረ ብርሃን ከገባሽ ወዲህ ዝምታችን በጣም ረዘመ። ናፍቀሽኛል።

ብዕር ያነሣሁት ግን ለናፍቆት ብቻ አይደለም። ወንድምሽ በዚህ ሲያልፍ መድኃኒት ቤቱ ጎራ ብሎ ስለ ልጅሽ፣ ስለ ክርስትና ልጄ፣ ነገረኝ። ፊቷ በብጉር ስለተሸፈነ እንግዳ ሲመጣ ከጓዳ አትወጣም አለኝ። ከገበያ የተገዛ፣ ስም ያልተጻፈበት፣ በትንሽ ዕቃ ተቀድቶ የሚሸጥ ቅልቅል ክሬም እየተቀባች መሆኑንም ነገረኝ። ያን ጊዜ ነው ልቤ የደነገጠው።

እንዲህ ባሉ ቅልቅሎች ውስጥ ብዙ ጊዜ ክሎቤታሶልን ወይም ቤታሜታሶንን የመሳሰሉ ብርቱ ስቴሮይዶች፣ ማለትም የቆዳ መቆጣትን የሚያበርዱ መድኃኒቶች፣ ይገኛሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፊቱን ያጠራሉ፤ እናት ደስ ይላታል። እያደሩ ግን ቆዳውን ያሳሳሉ፣ ራሳቸውም ሌላ ብጉር ያወጣሉ። የጀመረችው በቅርቡ ከሆነ ዛሬውኑ ታቁም። ወራት ካስቆጠረች ግን በድንገት ሲቆም ፊት ሊቀላ፣ ሊያቃጥልና ብጉሩ ሊብስ ስለሚችል በቆዳ ሐኪም እየታየች ታቁመው።

ደግሞ አደራ፣ «ፊትሽን ስለማትታጠቢ ነው» ብሎ ማንም እንዳይቆጣት። ብጉር የእድፍ ውጤት አይደለም። በጉርምስና ዕድሜ ሆርሞን ሲጨምር ከቆዳ ሥር ያሉ የቅባት እጢዎች ብዙ ቅባት ያመነጫሉ። ቅባቱ ከሞተ ቆዳ ጋር ተጣብቆ ቀዳዳውን ይደፍናል፣ በውስጡ ባክቴሪያ ይራባል፣ ከዚያ ያብጣል፣ ይመግላል። ይህን በመፈግፈግ ማጥፋት አይቻልም። በጠንካራ ሳሙና ደጋግሞ መታጠብ፣ ሎሚ በጨው ማሸት፣ የጥርስ ሳሙና መቀባት ቆዳውን ያቆስላሉ እንጂ አያድኑም። በተለይ ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ፊት ያቃጥላል። የእኛ ዓይነት ጠይም ቆዳ ደግሞ በተቆጣ ቁጥር ጥቁር ምልክት ይተዋል፤ ብጉሩ ከዳነ በኋላ እንኳ ምልክቱ ለወራት አይለቅም። ስለዚህ ፊቷን በገርነት ትያዘው። ጠዋትና ማታ፣ ላብ ሲያልባትም፣ በለስላሳ መታጠቢያና ለብ ባለ ውኃ በእጇ ብቻ ትታጠብ፤ ከዚያ ቀለል ያለ፣ ቀዳዳ እንደማይደፍን የተጻፈበት ሎሽን ትቀባ። በጥፍሯ አታፍርጠው። ጠባሳ የሚያመጣው በአብዛኛው ይህ ነው።

ግንባሯ ላይ ይብሳል ብሎኛል ወንድምሽ። ፀጉሯን ቅቤ ትቀቢያታለሽ? በደብረ ብርሃን ብርድ ቅቤውን ተዪ አልልሽም፤ ግን ወደ ግንባሯ እንዳይወርድ ሻሽ ታስርበት፣ የትራስ ልብሷም ቶሎ ቶሎ ይታጠብ። በርበሬውንና ወጡን ግን አትከልክያት፤ በዚህ ስም ልጆች ሲራቡ ሳይ ያናድደኛል። ስኳር የበዛበትን ነገርና ለስላሳ መጠጡን ብትቀንስ ይበቃል።

መድኃኒቱ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የሚባለው የብጉር ቅባት ይሁንላት። ብዙ ሰው ይበረታል ብሎ 10 በመቶውን ይመርጣል፤ 2.5 በመቶው ግን ከሞላ ጎደል እኩል ይሠራል፣ የማቃጠሉ ነገርም ያነሰ ነው። ማታ በደረቀ ፊት ላይ፣ በብጉሩ ራስ ላይ ብቻ ሳይሆን ብጉር በሚወጣበት ቦታ ሁሉ፣ በስሱ ትቀባው። በመጀመሪያ አንድ ቀን እየዘለለች ትጀምር። የጨርቅ ቀለም ስለሚያነጣ የነጠላዋን ጥለት ትጠብቅ። ካልበቃት አዳፓሊን የሚባል ጄል አለ፤ እሱን ግን ከሐኪም ጋር ተነጋግራችሁበት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብጉሩን ያባባሰ ሊመስል ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው መታገሡ ነው። ለውጡ በደንብ የሚታየው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ብዙ እናቶች በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራም» ብለው ወደ ሌላ ክሬም ሲሄዱ አያለሁ፤ አንቺ እንደዚያ አታድርጊ።

የፀሐይ መከላከያ ቅባትም እንዳይቀር፣ ዕቃው ላይ SPF ተብሎ የተጻፈው ቁጥር 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ። ብርድ ስለሆነ ፀሐይ የለም አትበይ። ደብረ ብርሃን ከአዳማ በ1,000 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ ከፍታው በጨመረ መጠን ጨረሩ ይበረታል፣ ጥቁር ምልክቱንም ያጠቁረዋል።

ጠልቆ የሚያም እብጠት ካለባት ወይም ጠባሳ መውጣት ከጀመረ ግን ይህን ሁሉ ሳትጠብቂ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ውሰጃት። ከጓዳ አለመውጣቷም እንደ ሕመሙ ሁሉ ለሐኪሙ ይነገር።

ወንድምሽ ሲመለስ መታጠቢያውንና መድኃኒቱን በእጁ እልክልሻለሁ። አንቺ ደግሞ የዚያን ክሬም ዕቃ ፎቶግራፍ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ ስንት ወር እንደተቀባችውም ጠይቀሽ ጻፊልኝ። ለክረምት ዕረፍት ወደ እኔ ብትልኪያት ደስታዬ ነው፤ አልጋዋ ተዘጋጅቷል።

ሁሌም የምታስብሽ እህትሽ
አዳማ