ዝም ካልሽም መልስ ሰጥተሻል፦ ለልጄ ስለ ዜግነት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

«18 ዓመት ሞላኝ፤ ታዲያ የየት አገር ሰው ነኝ?» ላልሽው ጥያቄ ስሜቱን ለአንቺ ትቼ ሕጉን ልንገርሽ። አሜሪካ ስለተወለድሽ አሜሪካዊት ነሽ፤ ከእኛ ስለተወለድሽ ኢትዮጵያዊት ነሽ። የእኛ ሕግ ግን ሁለቱን አብሮ አያስኬድም። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 አንቀጽ 20 መሠረት፣ ውጭ አገር በመወለዱ ሌላ ዜግነት ያገኘ ልጅ ለአካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ያኛውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን መምረጡን ካላስታወቀ፣ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። ዝም ካልሽም መልስ ሰጥተሻል ማለት ነው። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የልጁ ፓስፖርት ቀኑ ስላላለፈ ዜግነቱም ያለ ይመስለዋል።

ኢትዮጵያን ከመረጥሽ፣ የአሜሪካን ዜግነት ለመተው ከአገራቸው ወጥተሽ ቆንስላቸው ፊት በአካል መማል አለብሽ። ከዚያ ወዲያ ለትምህርትሽ እንደ ማንኛውም የውጭ ተማሪ ቪዛ ትጠይቂያለሽ፤ ከፌዴራል መንግሥቱ የምታገኚው የትምህርት እርዳታም ይቀራል። ቢጸጽትሽ መመለሻ የለውም ማለት ይቻላል። የእኛው ግን መመለሻ አለው፦ በዚያው አዋጅ አንቀጽ 22፣ ቀድሞ ኢትዮጵያዊ የነበረ ሰው ኑሮውን እዚህ ካደረገ፣ የውጭ ዜግነቱን ከተወና ካመለከተ ዜግነቱ ይመለስለታል። እኔን ከጠየቅሽኝ፣ የማይመለሰውን በ18 ዓመት አትወስኚ።

አሜሪካዊት ሆነሽ ከቀረሽ የሚኖርሽ ቢጫ ካርዱ ነው። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ ሰው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ማውጣት ይችላል። ያለ ቪዛ ትገቢያለሽ፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ትሠሪያለሽ፣ የቤት ባለቤት መሆን ትችያለሽ፣ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ትቆጠሪያለሽ። መምረጥና መመረጥ ግን የለም፤ በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መቀጠርም እንዲሁ። ካርዱ የሰጠውን ሌላ ደንብ ሊያጠብበው እንደሚችልም እወቂ፦ በ2009 የባንክ አክሲዮን የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን አክሲዮናቸውን እንዲለቁ ታዘዙ፤ ሕጉ ተሻሽሎ እንደገና የተፈቀደላቸው በ2011 ነው።

የሚቆጨኝ እዚህ ላይ ነው። ፓርላማው በ2017 የባንክ ሥራውን ለውጭ ባንኮች ከፈተ። ከአገሩ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ገንዘብ ገብቶ ባለድርሻ ሲሆን፣ ቢጫ ካርድ የያዘ፣ እዚህ ያደገ ልጅ በቀበሌው ጉዳይ ድምፅ የለውም። «ሁለት አገር ያለው ሰው ለየትኛው ይታመናል?» የሚሉትን ሥጋታቸውን እረዳለሁ፤ ለመከላከያና ለደኅንነት ሥራ ተገቢ ጥያቄ ነው። ለወረዳ ምርጫ ግን አይገባኝም። ሉላዊነት ለገንዘብ በሩን ከከፈተ ለልጆቻችንም ድምፅ ቢያንስ መስኮት ሊከፈት ይገባል።

ወደ ሥራው ልመለስ። የቢጫ ካርዱን ማመልከቻ የሚያጓትተው በአብዛኛው የስም ፊደል ነው። በልደት የምስክር ወረቀትሽ የእኔና የእናትሽ ስም በእንግሊዝኛ የተጻፈበት ፊደል ከፓስፖርታችን ጋር ካልገጠመ፣ ያው ሰው መሆናችንን የሚያስረዳ ማስረጃ ትጠየቂያለሽ። የአያትሽ ስም እንደ አባት ስም ሆኖ የተጻፈበት ቦታ ካለም እንዲሁ። የልደት ወረቀትሽን ሁለቱንም ገጽ ጥርት አድርገሽ አንሺና በዚህ ሳምንት ላኪልኝ፤ ከአሮጌዎቹ ፓስፖርቶቻችን ጋር ፊደል በፊደል አመሳክረዋለሁ። ልዩነት ካለ፣ ማረሚያውን ከተወለድሽበት ስቴት መጠየቅ ያለብሽ አንቺ ነሽ፤ ለክረምት ከመምጣትሽ በፊት ጀምሪው።

አባትሽ