የአጭር ቪዲዮ ሥልጠናው የእኛን መብራትና የእኛን ፊደል ይወቅ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በስልክ አጭር ቪዲዮ የመቅረጽና ኤዲት የማድረግ ሥልጠና እየተስፋፋ ነው፤ የሚመዘገበውም ወጣት ብዙ ነው። ይህ ያስደስተናል። በሙያው ላይ ያለን ሰዎች የምናሳስበው ግን አንድ ነገር አለ። ለጀማሪ የሚነገረው ምክር አብዛኛው ከአሜሪካ ቪዲዮዎች እንዳለ የተቀዳ በመሆኑ ለእኛ መብራት፣ ለቋንቋችንና ለፊደላችን አይገጥምም። ጀማሪው የተባለውን ሁሉ አድርጎ ሥራው ሲበላሽበት ጥፋቱ የስልኩ ይመስለውና ሌላ ለመግዛት ይበደራል።

ከመብራቱ እንነሣ። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ (በሴኮንድ 50 ዙር) ስለሆነ ረጅሙ ፍሎረሰንትና ርካሹ ኤልኢዲ አምፖል በሴኮንድ 100 ጊዜ ይደምቃሉ፣ ይደበዝዛሉ። ዓይናችን አይለየውም፤ ካሜራ ግን ይይዘዋል። “30 ፍሬም፣ ሻተር 1/60” (በሴኮንድ 30 ምስል፤ እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ የሴኮንድ 1/60) የሚለው ምክር ኤሌክትሪኩ 60 ኸርዝ ለሆነው አሜሪካ ትክክል ነው። እዚህ ሲሠራበት ግን ከተናጋሪው ጀርባ ግድግዳው ላይ ጠቆር ያለ ሰንበር ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሲንሸራተት ይታያል። ኤዲት ላይ እሱን ማጥፋት ከባድ ነው፤ ቢጠፋም ምስሉ ይደበዝዛል።

መድኃኒቱ ሻተሩን 1/50 ላይ ማድረግ ነው፤ ብርሃን ከበዛ 1/100። ፍሬሙ 25 ቢሆን ይመረጣል። ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ይህ “ፕሮ ቪዲዮ” በሚለው ምርጫ ውስጥ ይገኛል። አይፎን ላይ ሴቲንግ፣ ካሜራ፣ ሪከርድ ቪዲዮ ተብሎ “ሾው ፓል ፎርማትስ” ሲበራ 25 ፍሬም ይመጣል፤ ሻተሩን ለመቆለፍ ግን ብላክማጂክ ካሜራን የመሰለ ነፃ መተግበሪያ ያስፈልጋል። በዱባይና በእስራኤል ያሉ ወገኖቻችንም እንደ እኛው 50 ኸርዝ ነው ያላቸው። ሳዑዲ ዓረቢያ ያሉት ግን እንደ አሜሪካ 60 ስለሆነባቸው 1/60 ይጠቀሙ። በ25 የተቀረጸ ነገር ኤዲት የሚደረገውም በ25 ነው። ፕሮጀክቱ 30 ላይ ከተከፈተ ፕሮግራሙ በየአምስቱ ፍሬም አንዱን ይደግማል፤ የሚራመድ ሰው ጎትት ጎትት ሲል የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው የብርሃን ጣጣ ነጭ ልብስ ነው። ሀበሻ ቀሚስ የለበሰች ወይም ነጠላ የጣለች ሴት ስትቀረጽ ስልኩ የነጩን ብዛት አይቶ ብርሃኑን በራሱ ይቀንሳል፤ ጥልፉ ጎልቶ ይወጣና ፊቷ ይጨልማል። ጣትን ፊቷ ላይ አሳርፎ ትኩረቱና ብርሃኑ እስኪቆለፍ መያዝ፣ ከዚያ የፊቱ ቆዳ በደንብ እስኪታይ ብርሃኑን በጥቂቱ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ነጠላው ጥቂት ቢነጣ ችግር የለውም፤ ተመልካች የሚያየው ፊት ነው። ደጅ ከሆነ ደግሞ ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን ዓይን ጥላ ውስጥ ይገባል። ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ መቅረጽ ነው፤ ካልተቻለ በረንዳ ጥላ ሥር ቆሞ ፊትን ወደ ብርሃኑ ማዞር።

ለድምፅ፣ ልብስ ላይ የሚሰካው ትንሽ ማይክ ከአገጭ በታች ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ይሁን። ባለ ክብ ሶኬት ማይክ ሲገዛ ጫፉን መቁጠር አይረሳ፦ ሦስት ጥቁር ቀለበት ያለው ለስልክ ነው፤ ሁለት ያለው ለካሜራ የተሠራ ስለሆነ ስልኩ ሳያውቀው በራሱ ማይክ ይቀዳል። ማይክ የሌለው ሰው ሌላ ስልክ ደረት ኪሱ ውስጥ አድርጎ ድምፁን ይቅዳበት፤ መጀመሪያ ላይ አንዴ ቢያጨበጭብ ሁለቱን ማገጣጠም ይቀለዋል። ባዶ ክፍል ያስተጋባል፤ መጋረጃና ብርድ ልብስ ያረጋጉታል።

አሁን ከሁሉም በላይ ወደሚያሳስበን እንምጣ። ዝምታን በራሱ እየፈለገ የሚቆርጥ አገልግሎት ለአማርኛ ካልተስተካከለ ትርጉም ያበላሻል። በቋንቋችን ግሡ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ድምፃችን ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ዝቅ ይላል። ፕሮግራሙ ያንን ዝቅታ እንደ ዝምታ ይቆጥረዋል። “አልመጣም” ሲባል የመጨረሻዋ “ም” ትበላለች፤ “ነው” ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል፤ ተናጋሪው ያለው ነገር አንጠልጥሎ ይቀራል። ጥብቀት ሌላ ችግር ነው። “ተቀጠረ” ውስጥ “ጠ” ጠብቃ ከመፈንዳቷ በፊት ድምፅ ለቅጽበት ይቆማል፤ በድምፁ ሞገድ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ይታያል። ፕሮግራሙ ከ0.1 ሴኮንድ በላይ የሆነውን ዝምታ ሁሉ እንዲቆርጥ ከታዘዘ ቃሉን መሐል ለመሐል ይገምሰዋል። ስለዚህ ከግማሽ ሴኮንድ በታች ያለው ዝምታ አይነካ፤ ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በኋላ አምስት ፍሬም ይተው፤ ከዚያ ሁሉም ቁርጥ በጆሮ ማዳመጫ ይፈተሽ። ሙዚቃ ከገባ ከንግግሩ በ18 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ግድም ዝቅ ይበል። ፈቃድ ያልተገኘበት ሙዚቃ ከሆነ ደግሞ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንዳለ ጀማሪው ከመነሻው ሊነገረው ይገባል።

ጽሑፍም እንዲሁ ነው። መተግበሪያዎቹ ላይ የተደረደሩት ያማሩ የፊደል ቅርጾች አብዛኞቹ ግዕዝን አያውቁም፤ ፊደላችን ሲጻፍባቸው ባዶ ሣጥን ይወጣል፣ ወይም ስልኩ የራሱን ቅርጽ ይተካል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ እና አቢሲኒካ ኤስአይኤል በነፃ ይወርዳሉ፤ ካፕከት የተባለው የኤዲቲንግ መተግበሪያም ከውጭ የመጣ ቅርጽ ይቀበላል። ወፍራም ጠርዝ ግን አይጨመርበት። “ለ”ን ከ“ሉ” የምትለየው ትንሽ ጭረት ናት፤ ጠርዙ ይውጣታል፤ ቪዲዮው ተጨምቆ ሲጫን ደግሞ ጨርሳ ትጠፋለች። ከፊደሉ ኋላ ጠቆር ያለ ስስ መደብ ማድረግ ይሻላል። አንድ ጊዜ ከሁለት መስመር አይብለጥ፣ ግሡም ብቻውን ወደሚቀጥለው ጽሑፍ አይሻገር። የስክሪኑ ታችኛው አንድ አምስተኛ በቲክቶክም በዩቲዩብ ሾርትስም በስምና በመግለጫ ይሸፈናልና ጽሑፉ ከዚያ በላይ ይቀመጥ።

ኤዲቱ አልቆ ቪዲዮው ሲወጣ 1080 በ1920 ፒክስል፣ 25 ፍሬም፣ በሴኮንድ 8 ሜጋቢት በቂ ነው፤ አንዱ ደቂቃ 60 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። በቴሌግራም ለሌላ ሰው ሲላክ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ፤ አለዚያ እንደገና ይጨመቃል።

አሠልጣኞችን የምንጠይቀው የመጀመሪያው ቀን ትምህርት በክፍሉ ፍሎረሰንት ሥር፣ በተማሪው በራሱ ስልክ እንዲሆን ነው። ተመዝጋቢዎችም ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት ሻተርን በእጅ ማስተካከልና የአማርኛ ጽሑፍ ማስገባት በሥልጠናው ውስጥ መኖሩን ይጠይቁ።

ከአክብሮት ጋር፣
በቪዲዮ ቀረጻና ኤዲቲንግ የምንሠራ ባለሙያዎች
አዲስ አበባ