የባስኬት ውጤት ሁለት መስመር ብታወጡልን

ውድ አዘጋጅ፣ እንደምን ከረማችሁ። ከደሴ ነው የምጽፈው። ቀን ኮምቦልቻ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ማታ ማታና ቅዳሜ ደሞ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ላይ ልጆች ባስኬት አሰለጥናለሁ፣ ደሞዝ የለውም፣ ሚስቴም የምትጨቀጭቀኝ ስለዚሁ ነው። የስፖርት ገጻችሁን ሳላነብ አልውልም ግን ግማሹ አርሰናል ግማሹ ማንቸስተር ነው። እሱን ትቼ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ባለፈው ክረምት ከማሰለጥናቸው አንዱ፣ እናቱ የአንገት ወርቋን ሸጣ 40 ሺህ ብር ለአንድ ኤጀንት ነኝ ባይ ከፈለችለት። አሜሪካ ጁኒየር ኮሌጅ በባስኬት ሙሉ ስኮላርሺፕ ወጥቶልሃል፣ ይቺ የመመዝገቢያ ብቻ ናት ተባለ። ከዛ የሰውዬው ስልክ ጠፋ። እኔ የሰማሁት ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፣ ለምን አልነገርከኝም ብለው «ጋሼ ሰው ካወቀ ይበላሻል ተብዬ ነው» አለኝ። ምን ልበለው?

ወላጆች የሚያነቡት ከሆነ ይሄን ልንገራችሁ፣ ልጃችሁን የፈለገ ኮች (አሰልጣኝ) ብር አይጠይቃችሁም። ጁኮ የሚሉት ይሄው ጁኒየር ኮሌጅ ነው፣ የሁለት ዓመት ኮሌጅ፣ ልጁ እዛ ተጫውቶ ተምሮ ወደ አራት ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ይሻገራል። ባስኬት ተጫዋቹ ጂሚ በትለር ከሃይስኩል ሲወጣ ብዙም የፈለገው አልነበረም፣ ቴክሳስ ታይለር የሚባል ጁኒየር ኮሌጅ አንድ ዓመት ተጫውቶ ነው ማርኬት ዩኒቨርሲቲ የገባው፣ በፈረንጆቹ 2011 ደሞ የአሜሪካው ትልቁ ሊግ ኤንቢኤ በ30ኛ ተመረጠ። የድሮው የኤንቢኤ ኮከብ ዴኒስ ሮድማንም ኤርፖርት ጽዳት ሠርቷል፣ እሱም በጁኮ ነው ያለፈ። መንገዱ አለ ማለት ነው፣ ውሸቱ «ሙሉ ስኮላርሺፕ» የሚሉት ላይ ነው። የጁኒየር ኮሌጆቹ ማኅበር ውስጥ ሦስት ዲቪዚዮን (ምድብ) አለ፣ አንደኛው ትምህርቱንም ማደሪያና ምግቡንም መሸፈን ይችላል፣ ሁለተኛው የትምህርት ክፍያና መጽሐፍ ነው እንጂ ማደሪያና ምግብ የለውም፣ ሦስተኛው በስፖርት ምንም አይሰጥም፣ የካሊፎርኒያ የሁለት ዓመት ኮሌጆች ደሞ በሌላ ማኅበር ናቸው እነሱም በስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጡም። ስለዚህ ስኮላርሺፕ አገኘህ ሲሏችሁ የትኛው ዲቪዚዮን፣ ማደሪያውን ማን ይከፍላል በሉ፣ ምክንያቱም አይ-20 የሚባለውን ወረቀት ኮሌጁ የሚሰጣችሁ የጎደለውን ማን እንደሚችል ስታሳዩ ነው፣ ያ ወረቀት ከሌለ አዲስ አበባ ኤምባሲ ለተማሪ ቪዛ መቅረብ የለም።

ብቻ ከዛ ከልጁ ጋር ቁጭ ብለን ራሳችን መጻፍ ጀመርን። የኮቾቹ ኢሜይል ኮሌጆቹ ገጽ ላይ ተቀምጧል፣ ሚስጥር አይደለም። ለ30 ላክን፣ ሁለት መለሱ። ልጁ ዘፈን ከስር አስገብቶ የዳንክ (ዘሎ ኳሷን ከላይ ቀለበት ውስጥ የሚከትበት) ቪዲዮ ሠርቶ ነበር፣ አንዱ ኮች ዳንኩን አይቻለሁ አሁን ሙሉ ጨዋታ ላክልኝ አለው። መጀመሪያ ገርሞኝ ነበር፣ ኋላ ነው የገባኝ፣ ኳስ ከተነጠቀ በኋላ ሮጦ ይመለሳል ወይስ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይቆማል፣ ተቀይሮ ሲወጣ ያኮርፋል ወይ፣ እሱን ነው ማየት የፈለገው። እኛም ስልክ በነጠላ ጫፍ ፎቁ በረንዳ ላይ አስረን ቀረጽን፣ ሁለተኛው ኳርተር ላይ ጉሙ ወርዶ ተጫዋቾቹን ዋጣቸው (ደሴን የሚያውቅ ያውቀዋል)፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ደገምነው፣ ላክነው። ኮቹ ምን ብሎ ቢመልስ ጥሩ ነው፣ የትኛው እንደገባ የትኛው እንደሳተ መለየት አልቻልኩም! ለካ ቀለበቱ መረብ የለውም። እኛ ለምደነዋል ድምፁን ሰምተን እናውቃለን፣ በቪዲዮ ግን የገባውም የሳተውም አንድ ነው። ልጆቹ የማዳበሪያ ከረጢት ፈትተው ገመድ ገምደው መረብ ሠሩ፣ አንድ ቀን ፈጀባቸው፣ ሦስተኛውን ቀረጻ ላክን፣ ጸደቀ።

ትራንስክሪፕቱ (የትምህርት ውጤት ማስረጃው) ሌላ ጣጣ ነበር፣ በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ትምህርት ተቋርጦ ስለነበር የዛን ዓመት ክፍተት ማስረዳት አስፈልጎናል፣ እሱም አለፈ።

የተያዝነው ስታት፣ የጨዋታ ቁጥሮቹ ላይ ነው። ኮቹ በጨዋታ ስንት ነጥብ፣ ስንት ሪባውንድ (ተስቶ የተመለሰ ኳስ መያዝ)፣ ስንት አሲስት (ለጎል የሆነ ኳስ ማቀበል) ብሎ ጠየቀ። እኔ ሁሉንም ጽፌ ይዣለሁ፣ ባለ ካሬ ደብተር ላይ፣ በእስክሪብቶ፣ ዝናብ የነካው ገጽም አለ። ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። በትህትና ነው የመለሰው ወላሂ፣ አሰልጣኙ ራሱ ከጻፈው ሌላ የታተመ ነገር ካላችሁ ላኩልኝ አለ። እውነቱን ነው፣ የማሰለጥነውን ልጅ 22 ነጥብ አገባ ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ፣ እኔ ብሆንም አላምነኝም።

የታተመ ነገር የለንም። እዚህ ሙሉ ዓመት ይጫወታሉ፣ የትም አይጻፍም። ያ ኤጀንት ነኝ ባይም የገባው በዚሁ ቀዳዳ ነው፣ ልጁ እኔን የሚያየኝ የለም ብሎ ስላመነ «አየሁህ» ያለውን የመጀመሪያ ሰው አመነ።

ስለዚህ የምለምናችሁ ፎቶ አይደለም፣ ሐተታ አይደለም። ከስፖርት ገጻችሁ ታች ጥግ ሁለት መስመር፣ የደሴና የኮምቦልቻ ጨዋታ ውጤት፣ ብዙ ያገባው ልጅ ስንት እንዳገባ። ዳኛው ፈርሞበት እሁድ ጠዋት እኔ በቴሌግራም እልክላችኋለሁ፣ ዳኛው የኔ ዘመድ አይደለም፣ እንደውም አንዋደድም። ከወዲሁ ልጀምር፣ ባለፈው ቅዳሜ ደሴ 61 ኮምቦልቻ 54፣ ረቡዕ ዝናብ ስለነበር አልተጫወትንም።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ