ድረ ገጹን የከፈተው ሰው የመጣበትን አገኘ ወይ?

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በጋዜጣችሁ ላይ የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች የሥራ ክንውናቸውን ሲያስረዱ «ድረ ገጻችንን ይህን ያህል ሕዝብ ጎብኝቶታል» የሚል ዐረፍተ ነገር ደጋግሜ አነባለሁ። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን አገልግሎቱም የተሻሻለ ተደርጎ ይቀርባል። እኔ በቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ መንደር ነዋሪ ስሆን፣ ላለፉት ሦስት ዓመታት የነዋሪዎች ኮሚቴያችንን ትንሽ ድረ ገጽ በበጎ ፈቃድ ሳስተዳድር ቆይቻለሁ። ከዚህ ሥራ የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ የጎብኚ ብዛት ብቻውን ስለ አገልግሎት የሚናገረው እጅግ ጥቂት መሆኑን ነው። ጉብኝቱ በሚመዘገብበት በዚያው መዝገብ ውስጥ ግን ሰው ምን ፈልጎ እንደመጣና የቱ ላይ እንደተቸገረ የሚያሳይ ብዙ ነገር ተቀምጦ፣ የሚያየው ጠፍቶ ይቀራል።

በቅድሚያ ቁጥሩ የምን ቁጥር እንደሆነ ልብ ማለት ያሻል። እ.ኤ.አ. በ2005 በነጻ መቅረብ የጀመረውና ዛሬ ብዙዎቻችን የምንገለገልበት የጎብኚ መቁጠሪያ ፕሮግራም፣ ጉግል አናሊቲክስ፣ በተለመደው አሠራሩ ሰውን ሳይሆን ገጹ የተከፈተበትን ብራውዘር (በስልክ ወይም በኮምፒውተር ላይ ያለውን የድረ ገጽ መክፈቻ) ነው የሚቆጥረው። ጠዋት በስልኩ፣ ከሰዓት በኋላ በቢሮው ኮምፒውተር የከፈተ አንድ ሰው ሁለት ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል፤ በአንድ ስልክ የሚጠቀሙ እናትና ልጆች ደግሞ አንድ ይሆናሉ። በአንዳንድ ድረ ገጾች ግርጌ የምናየው ቆጣሪ ከዚህም የባሰ ነው፤ ገጹ በተከፈተ ቁጥር አንድ ይጨምራል፣ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ራሱ ቢከፍተውም፣ ድረ ገጾችን እየዞረ የሚያስስ ሮቦት ቢከፍተውም።

የራሳችንን ስሕተት ላስቀድም። በሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ፣ ነዋሪው ከሁሉ አብልጦ የሚከፍተው የውሃ ፕሮግራሙን ለማየት ነው ብለን ገምተን ነበር። ግምታችን ልክ ነበር፤ የተሳሳትነው ሰዓቱን ነው። በመቁጠሪያው ሪፖርት ላይ ብዙ ሰው የገባበት ሆኖ ጎልቶ የሚታየው 5 ሰዓት ስለነበር፣ ኮሚቴው የዕለቱ ፕሮግራም ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቢለጠፍ ይደርሳል ብሎ ወሰነ። ሪፖርቱ ግን የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ በፈረንጆች ሰዓት ነው። የእነሱ 5 ሰዓት የእኛ ከንጋቱ 11 ሰዓት ነው። ጎረቤቶቻችን ጄሪካን ይዘው ከመውረዳቸው በፊት፣ ወይም ታክሲ ለመያዝ ከመውጣታቸው በፊት፣ ገና ሳይነጋ ስልካቸውን ከፍተው የትናንቱን ፕሮግራም ሲያነቡ ወራት አለፉ። አሁን ፕሮግራሙ የሚለጠፈው በዋዜማው ምሽት ነው።

ሁለተኛው ነገር ከፊደላችን ጋር የተያያዘ ነው። በድረ ገጻችን የመፈለጊያ ሣጥን ውስጥ ሰው የጻፋቸውን ቃላት ሳወጣ አንዱ «ውሃ»፣ ሌላው «ውኃ»፣ ሦስተኛው «ዉሃ» ብሎ ጽፏል፤ በላቲን ፊደል የጻፉም ነበሩ። ገጹ ላይ የተጻፈው «ውኃ» ተብሎ ስለነበር፣ በሌላው አጻጻፍ የፈለገ ሁሉ «ምንም አልተገኘም» የሚል መልስ ሲሰጠው ኖሯል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በድምፅ አንድ በሆኑበት ቋንቋ፣ ፍለጋው እንደ አንድ ፊደል እንዲያያቸው ማድረግ የባለሙያ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ነዋሪው ግን በትክክለኛው ፊደል አልጻፍክም ተብሎ መረጃ መነፈግ አልነበረበትም። ይህን ጉድለት ለማየት የሰው ቅሬታ አልጠበቅንም፤ ቃላቱ ከተመዘገቡበት ቦታ ገብቶ ማንበብ ብቻ በቂ ነበር።

ከሁሉ ይበልጥ ያስተማረን ግን ከፊት ገጻችን ጋር የተያያዘው ጉዳይ ነው። ቀድሞ ድረ ገጹ ሲከፈት የሚታየው የሊቀ መንበሩ መልእክትና የአንድ ስብሰባ ትልቅ ፎቶግራፍ ነበር፤ የውሃ ፕሮግራሙ የሚገኘው ከዚያ ወርዶ ሁለት ጊዜ ከተነካ በኋላ ነው። ፎቶግራፉ ከካሜራ እንደወጣ የተጫነ ስለነበር ክብደቱ 5 ሜጋባይት ያህል ነበር። አንድ ማለዳ ታክሲ ተራ ላይ ቆሜ፣ ከፊቴ የቆመ ወጣት በሞባይል ዳታ እንዲከፍተው ጠየቅሁት፤ ሰልፉ ሦስት ሰው ወደፊት እስኪራመድ ድረስ ገጹ ነጭ እንደሆነ ቆየ። ፎቶግራፉን አንሥተን የየብሎኩን ፕሮግራም ከላይ አደረግነው።

ከወር በኋላ ሪፖርቱን ለኮሚቴው ሳቀርብ ሰው በድረ ገጹ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ቀንሶ፣ ባውንስ ሬት የሚባለው፣ ከፍቶ ወዲያው የሚወጣውን ጎብኚ ድርሻ የሚያሳየው መለኪያ ደግሞ ከፍ ብሎ ተገኘ። አንድ አባል «ሰው እየሸሸን ነውና የቀድሞው ይመለስ» የሚል ሐሳብ አቀረቡ፤ ቁጥሩን ብቻ ላየ ሰው ትክክል ይመስላሉ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በጁላይ 2023 የቀድሞውን የተካው የጉግል አናሊቲክስ ዕትም፣ ከ10 ሰከንድ ያልበለጠ፣ ከአንድ ገጽ ያላለፈና ቁልፍ ተብሎ የተለየ ተግባር ያልተፈጸመበትን ጉብኝት ሁሉ ከዚሁ መለኪያ ውስጥ ያስገባል። ቤታቸው ያለበትን ብሎክ ፈልገው፣ «ማክሰኞ ሌሊት» የሚለውን አይተው በአራት ሰከንድ የዘጉት እናት በመለኪያው ዓይን ፍላጎት ያላሳዩ ሰው ናቸው። በእኔ ዓይን ግን ከማንም በላይ የተገለገሉት እርሳቸው ናቸው። የውሃ ቆጣሪ ስም ዝውውር እንዴት እንደሚፈጸም በሚያስረዳው ገጽ ላይ ሰው በአራት ሰከንድ ቢወጣ ግን ያስጨንቀኛል፤ ያን ሁሉ በአራት ሰከንድ ማንም አያነበውም። ስለዚህ በየገጹ ግርጌ «የፈለጉትን አገኙ?» የሚል ጥያቄና «አዎ»፣ «አላገኘሁም» የሚሉ ሁለት ቁልፎች ጨመርን። «አላገኘሁም» የሚለው ከተነካባቸው ገጾች ተነሥተን፣ ሁለት ብሎኮች ከነጭራሹ ከፕሮግራሙ ዝርዝር ተዘልለው እንደነበር ደረስንበት።

ይህን የምጽፈው አንዲት አረጋዊት ጎረቤታችን በደረሰባቸው እንግልት ምክንያት ነው። ለአንድ ጉዳይ መሀል ከተማ ወደሚገኝ መሥሪያ ቤት ሁለት ጊዜ ተመላልሰዋል፤ ሁለቱንም ጊዜ «ይህ ሰነድ ይጎድላል» ተብለው ተመለሱ። የመሥሪያ ቤቱን ድረ ገጽ ከፍቼ ስፈልግላቸው፣ የሚያስፈልጉት ሰነዶች ዝርዝር በስካን የተነሣና በጎን የተኛ ፒዲኤፍ ሆኖ አገኘሁት፤ በስልክ አይነበብም፣ በፍለጋም አይገኝም። ከገጹ ግርጌ ግን የጎብኚው ቆጣሪ በትልልቅ አኃዝ ይሮጣል። እኔም ያን ቀን ፋይሉን ለማንበብ አምስት ጊዜ ስከፍት አምስት ሆኜ ተቆጥሬ ይሆናል። ያ መሥሪያ ቤት መዝገቡን የሚያነብ አንድ ሰው ቢመድብ ኖሮ፣ ያ ፋይል ስንት ጊዜ እንደተከፈተና ሰው ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሄደ አይቶ በአንድ ቀን በጽሑፍ ሊተካው ይችል ነበር። እርሳቸውም የሁለት ቀን የታክሲ ገንዘብና የጉልበታቸው ሕመም በቀረላቸው።

መዝገቡን ማንበብ ሲባል ግን ሰውን መከታተል ማለት መሆን የለበትም። በአገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። አንዳንድ ቅጾች የተገልጋዩን ስልክ ቁጥር በገጹ አድራሻ ውስጥ እያስገቡ ስለሚልኩ፣ ቁጥሩ ሳይታሰብ ወደ ቆጣሪው ድርጅት ሊሻገር ይችላል፤ ይህን ጉግልም በደንቡ የከለከለው ነው። መረጃው በራሳቸው ሰርቨር ላይ እንዲቀመጥ ለሚፈልጉም እንደ ማቶሞ ያሉ፣ ማንም ወስዶ ሊጠቀምባቸው የሚችል ክፍት የመቁጠሪያ ፕሮግራሞች አሉ። ደግሞም መዝገቡ ስልክ የሌለውን ሰው ፈጽሞ አያውቀውም፤ በየብሎካችን መግቢያ ፕሮግራሙን በወረቀት መለጠፍ ያላቋረጥነው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለሆነም የጋዜጣችሁ ዘጋቢዎች አንድ መሥሪያ ቤት የጎብኚውን ብዛት ሲነግራቸው ሦስት ጥያቄዎች እንዲያስከትሉልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ሰዉ ባለፈው ወር በመፈለጊያ ሣጥናችሁ ውስጥ ምን ምን ጻፈ? ከጻፈው ውስጥ መልስ ያጣው የትኛው ነው? ያን አይታችሁስ ከድረ ገጹ ላይ ምን አስተካከላችሁ? መልሱን ከቁጥሩ ጎን ብታትሙልን፣ እኔም ለጎረቤቶቼ አነብላቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የቱሉ ዲምቱ ነዋሪ