ለአባዬ፣ ከናይሮቢ

አባዬ፣ እንደምን ከረምክ? እኔ ተመስገን ደህና ነኝ። ትናንት የላክሁት ብር ለዓይንህ ነው። ለሰርጉ እንዳታደርገው፣ አደራ! የእህቴ ሰርግ ጥር ነው፣ እስከዚያ ሌላ እልካለሁ። አንተ መጀመሪያ ሞራውን ተገፈፍ።

እማዬ «ልጄ ጨከነ» ማለቷን ሰምቼ አንጀቴ ተላወሰ። ሦስት ወር ዝም ያልኩት ረስቻችሁ አይደለም። ሥራ ትንሽ ቀዝቅዞ ነበር። ባዶ እጄን መደወል ከበደኝ። አሁን ተስተካክሏል፣ አታስቡ።

እሁድ ከቅዳሴ ስመለስ ጂቫንጂ የሚባል መናፈሻ እቀመጣለሁ። መሀል ከተማ ነው፣ አይከፈልበትም። የዛፎቹ ጥላ ቁርጥ የድሬዳዋችን ከዚራ ሰፈር ነው። ዓይኔን ጨፍኜ የባቡሩን ጡሩምባ የምጠብቅበት ቀን አለ።

የባቡር ሰው ስለሆንክ ታሪኩን ልንገርህ። ስሙ የአንድ የካራቺ ነጋዴ ነው፤ አሊብሃይ ሙላ ጂቫንጂ። እንግሊዞች ከሞምባሳ ሐዲድ ሲዘረጉ ከህንድ ሠራተኛ አመጣላቸው፣ ቀለብ አቀረበ፣ ድንጋይ አስፈለጠ። ሐዲዱ በፈረንጆቹ 1899 እዚህ ሲደርስ ናይሮቢ ረግረግ ሜዳ ነበረች። የመንግሥት ቢሮ የሠራው፣ ገበያ ያቆመው እሱ ነው። መናፈሻውን በ1906 ለከተማው ሰጠ። የኛ ድሬ በ1902 ባቡር ሲደርስ አይደል የተቆረቆረችው? የናይሮቢ ታናሽ እህት ናት ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ሠርቶ እንኳ ነጮቹ ለም ደጋውን ለራሳቸው ከለሉ። ህንድ እዚያ መሬት እንዳይዝ ከለከሉ። ሰውየው ግን ዝም አላለም፤ ነጭ ያልሆነ የመጀመሪያው የሕግ አውጪ ምክር ቤት አባል ሆኖ ተሟገተ። በዚህ እወደዋለሁ።

ለዚያ ሐዲድ ከህንድ የመጣው ሠራተኛ በጠቅላላው ወደ 32,000 ነበር። ወደ 2,500 የሚሆኑት ሞተው ቀርተዋል። የነሱ ስም ያለበት መናፈሻ እስካሁን አላየሁም። እነሱን ሳስብ ግራ አውራ ጣትህ ላይ ያለው ጠባሳ ድቅን ይልብኛል። ብረቱ የጨፈለቀህ ቀን እንኳ ለእማዬ «ምንም አይደል» ነበር ያልካት።

ለእህቴ ንገርልኝ፤ ሰርጓ ላይ በኔ ቦታ ታናሼ ይቁምላት። መምጣት እምቢ ብዬ አይደለም። ወረቀቴ አላለቀም፣ ከወጣሁ አልመለስም። እማዬ ስታለቅስ እህቴ እንዳትሰማት ብቻ።

ፋሻው የተፈታ ቀን በቪዲዮ ደውሉልኝ፣ ሌሊትም ቢሆን። ከሳህ እንዳትለኝ፤ ስልኩ ነው እንደዚያ የሚያሳየው።

ልጅህ