«አይተህ ነው ወይስ ሰምተህ?»

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

ከሐምሌ 2015 ማብቂያ ወዲህ፣ በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል በተነሣው ጦርነት ምክንያት በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀና የሞባይል ኢንተርኔት ከተዘጋ ጀምሮ፣ ጎጃም ውስጥ በዝክሩም በዕድሩም በቡናውም የሚነሣ ክርክር ማብቂያው አንድ ሆኗል። አንዱ የሰማውን ያወራል፣ ሌላው «ውሸት ነው» ይለዋል፣ ብዙም ሳይቆይ «አንተማ ድሮም የነሱ ነህ» ይመጣል። ሰው ሞቷል ወይስ አልሞተም የሚለው ጥያቄ እዚያው ወድቆ ይቀራል። በእውነት የሞተ ካለ ደግሞ እናቱ ፊት ሞቱ ተካደ ማለት ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በማንኛውም ወገን ላይ ለመፍረድ አይደለም። የተባለውን ነገር በእጃችን ባለው ዕውቀት እንዴት እንደምንመረምረው ላሳይ ብዬ ነው።

አባቶቻችን ሁለት መንገድ ነበራቸው። አንዱ ተጠየቅ ነው። በበላ ልበልሃ ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ቆመው እየተጠያየቁ ነገሩን ከሥሩ ያወጡታል። «አይተህ ነው ወይስ ሰምተህ?» የሚለው ጥያቄ ዛሬም በሽምግልና ላይ ምስክር ሲቀርብ ይሰማል። ሁለተኛው ሌባ ሻይ ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል፣ እየተንገዳገደ ይሄዳል፣ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ዕዳ ይከፍላል። ማስረጃው የልጁ መንገዳገድ ብቻ ነው። ሌባ ሻይ ቀርቷል፤ ከማን እንደ መጣ የማይታወቅ ቪዲዮ አይቶ የጎረቤትን ቤት መጠቆም ግን ያው ሌባ ሻይ ነው።

በሽታው ከጦርነቱ ጋር የመጣም አይደለም። በጥቅምት 2011 ሰሜን ሜጫ ውስጥ ለጥናት የሄዱ ሁለት ተመራማሪዎች «ተማሪዎችን በክትባት ሊመርዙ ነው» በሚል ወሬ በተሰበሰበ ሰው ተገደሉ። በታኅሣሥ 2012 ሞጣ ላይ በቤተ ክርስቲያን እሳት ተነሣ መባሉን ተከትሎ መስጊዶችና የሙስሊም ወገኖቻችን ንግድ ቤቶች ተቃጠሉ። በሁለቱም ቦታ ሰው ከመሰብሰቡ በፊት ሊጠየቁ የሚገባቸው ጥያቄዎች ቀላል ነበሩ። መርፌውን ያየ ማነው? ታመመ የተባለው ልጅ የማን ነው? እሳቱን ሲለኩስ የታየው ማን ነው፣ ያየውስ የት ቆሞ ነው?

ብዙ ስሕተት የሚገባው በቀን በኩል ስለሆነ ከዚያ ልጀምር። የኛ ዓመት ከፈረንጆቹ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ በ7፣ ከዚያ ወዲያ በ8 ይለያል። ስልክ ላይ የምናየው የፋይል ስም ብዙውን ጊዜ የፈረንጅ ቀን ነው፤ 20240129 የሚል ቁጥር ጥር 20 ቀን 2016 ማለት ነው። ሰዓቱም እንዲሁ። ስልኩ 14:00 ሲል ለኛ 8 ሰዓት ነው። ከውጭ ዜና «ሁለት ሰዓት ላይ» ተብሎ እንዳለ የተተረጎመውን የሰማ የከተማው ነዋሪ «ጠዋት ሁለት ሰዓት እዚያው ነበርሁ፣ ምንም አልነበረም» ይላል። እውነቱን ነው፤ ነገሩ የሆነው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ሁለት ሐቀኛ ሰዎች በስድስት ሰዓት ልዩነት ውሸታም ይባባላሉ።

የገጠር ሰው ቀኑን የሚይዘው በበዓል ነው፤ ይህ ደግሞ በደንብ ከተጠየቀ ከስልክ ይልቅ አስተማማኝ ነው። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን መርዓዊ ላይ ቢያንስ 45 ሲቪሎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውን የገለጸበት ዕለት ጥር 20 ቀን 2016 ነው። በማግሥቱ አስተርእዮ ማርያም ናት። «በማርያም ዋዜማ ነው፣ ሰኞ ነበር» የሚል እማኝ ቀኑን ሳያውቅ ቀኑን ነግሮናል። ዕለቱና በዓሉ ካልገጠሙ ግን እንደገና መጠየቅ አለበት። ተዝካርም ይረዳል። የሞተበት ቀን እንደ አንድ ተቆጥሮ አርባው የካቲት 29 ከዋለ፣ ሞቱ ጥር 20 ነው። ቤተሰቡ የቆጠረው ከቀብር ቀን ከሆነ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይንሸራተታል፤ ስለዚህ «ከየትኛው ቀን ነው የቆጠራችሁት?» ማለት ግድ ነው።

ስለ ቁጥር ትንሽ ልቆይ፤ ሰው በጣም የሚጋጨው በዚህ ነውና። «ቢያንስ 45» ማለት በስም፣ በቦታና በምስክር የጸናው ይህን ያህል ነው ማለት ነው። አንዱ «አርባ አምስት ብቻ ናቸው» ብሎ ጣሪያ ሲያደርገው፣ ሌላው «እኔ ከዚያ በላይ ሰምቻለሁ፣ ስለዚህ ሪፖርቱ ውሸት ነው» ይላል። ሁለቱም «ቢያንስ» የምትለዋን ቃል አላነበቧትም። ቁጥሩ ወደ ላይ ሊሄድ ይችላል፤ የሚሄደው ግን አዲስ ስም ሲመጣ ነው።

ስም ሲሰበሰብ ደግሞ እኛ አገር የተለየ ወጥመድ አለ። ሟቹ በቀበሌ በዓለም ስሙ ይጻፋል፣ በቤተ ክርስቲያን ፍትሐት በክርስትና ስሙ ይጠራል። ሁለቱ ዝርዝሮች ሲደመሩ አንድ ሰው ሁለት ይሆናል። ከተማ ሞቶ አስከሬኑ ወደ ትውልድ ቀዬው የተወሰደም በሁለቱም ቦታ ይቆጠራል። በተቃራኒው፣ ለቀን ሥራ ከሌላ ወረዳ የመጣ ሰው በየትኛውም ዝርዝር ሳይገባ ይቀራል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ሟች አንድ መስመር ይዞ የዓለም ስም፣ የክርስትና ስም፣ የአባት ስም፣ ግምት ዕድሜ፣ የሞተበት ቦታ፣ የተቀበረበት ደብር ወይም መካነ መቃብር፣ ያየው ማን እንደሆነ መጻፍ ነው። ከእነዚህ ሦስቱ ከሌላ መስመር ጋር ከገጠሙ ያው ሰው ሊሆን ስለሚችል ቤተሰቡ ይጠየቅ። የመስካሪው ማንነት ግን ከሟቹ ዝርዝር ጋር በአንድ ወረቀት፣ ይልቁንም በስልክ፣ አይያዝ። ስልክ ይፈተሻል፣ ይሰረቃል፣ ይወድቃል፤ ዋጋውን የሚከፍለው መስካሪው ነው።

ቦታን በተመለከተ፣ «አዲስ ዓለም» ሜጫም ውስጥ አለ፣ ሸዋም አለ። በገበያ ቀን የተሰየመ መንደር ደግሞ ቁጥር የለውም። አዛውንት «ጎጃም» ሲሉ አንዳንዴ መተከልንም ጨምረው ነው፤ በቀድሞው ክፍለ ሀገር ዘመን መተከል የጎጃም አውራጃ ነበርና። ስለዚህ ወረዳውንና ቀበሌውን ሳይዙ «ጎጃም ላይ» የሚል ወሬ ገና ወሬ ለመሆንም አልበቃም።

ፎቶና ቪዲዮ ሲመጣ የመጀመሪያው ነገር ቀድሞ የትም ታይቶ እንደሆነ መፈለግ ነው። ቪዲዮውን ሦስት ቦታ ላይ አቁሞ የስክሪኑን ምስል ማንሳት፣ ሰፋ ያለ መልክዓ ምድር የሚታይበትን መምረጥ፣ እያንዳንዱን በጉግል ሌንስ መፈለግ። አንዳንዶች እንዳይገኝ ብለው ግራ ቀኙን ስለሚገለብጡት፣ ካልተገኘ ገልብጦ መሞከር ያስፈልጋል፤ በሱቅ ማስታወቂያ ላይ ያለው ፊደል ተገልብጦ ከታየማ ነገሩ ግልጽ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የወጣ ሆኖ ከተገኘ ጉዳዩ አለቀ። ምንም ካልተገኘ ግን አዲስ ነው ማለት አይደለም፤ ኢንተርኔት ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ ብዙ ነገር በሜሞሪ ካርድ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ ከወራት በኋላ ነው የተጫነው። የተጫነበት ቀንና የተቀረጸበት ቀን በጣም የሚራራቁትም ለዚህ ነው። በቴሌግራም እንደ ቪዲዮ የተላከ ነገር በውስጡ የነበረውን የቀረጻ መረጃ ያጣል። ዋናውን የያዘ ሰው «እንደ ፋይል» እንዲልከው መለመን፣ ዋናውን ደግሞ እንዳይሰርዘው መንገር ያሻል።

ከዚያ ምድሩን ማንበብ ነው፤ በዚህ የኛ ገበሬ ከማንም ከተማ ቀመስ ተንታኝ ይበልጣል። ኑግ ሲያብብ፣ ጤፍ ሲያሸት፣ አውድማ ሲለቀለቅ ጊዜውን ይናገራል። የዲከረንስ ተክል (ለከሰል የሚተከለው የግራር ዓይነት ዛፍ) እና የከሰል ክምር በብዛት ከታየ ፋግታን የመሰለ የአዊ መሬት ይታሰባል። ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ጥር ላይ መርዓዊ አካባቢ እንዲህ ያለ አረንጓዴ የለም፣ ስለዚህ የክረምት ቪዲዮ ነው» የሚል ሰው ቆጋን ረስቷል። በቆጋ ግድብ መስኖ የሚለማው ማሳ በበጋም ልምላሜ አለው። አካባቢውን የሚያውቅ አንድ ሰው ሳይጠየቅ በቡቃያ ብቻ አይፈረድ።

ጥላም ይመሰክራል። ጎጃም ባለበት ኬክሮስ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ በእኩለ ቀን በሰሜን በኩል ስለምታልፍ የቆመ ነገር አጭር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በቀሩት ወራት ወደ ሰሜን። አቅጣጫውን ለማወቅ ቤተ ክርስቲያን ከታየ መቅደሱ ወደ ምሥራቅ የዞረ መሆኑን ማሰብ ይበቃል። ይህ የሚሠራው ለእኩለ ቀን ብቻ ስለሆነ፣ ረጅም ጥላ ካለ ጠዋት ወይም ማታ ነውና ወሩን አይነግርም።

ማኅተም ያለበት ደብዳቤ በስልክ ሲዞር የቀኑን፣ የወጪ ቁጥሩንና የግልባጩን ዝርዝር ማየት ነው። ቆየት ባለ ቀን በተጻፈ ደብዳቤ ራስጌ ላይ «ሰሜን ጎጃም ዞን» የሚል ከተገኘ ደብዳቤው ሐሰተኛ ነው፤ ዞኑ የተዋቀረው በቅርብ ዓመታት ነውና። የድምፅ ቅጂ ከሆነ ሙሉው ይምጣ ማለት፤ ከበስተኋላ የሚሰማው የወፍ፣ የመኪና ወይም የዝናብ ድምፅ መሐል ላይ በድንገት ከተቋረጠ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። «ኮሚሽኑ የመንግሥት ነው፣ አምነስቲ የውጭ ነው፣ ዲያስፖራው የፋኖ ነው» ይባላል። የተናጋሪው ወገን ቃሉን በስንት ምስክር መደገፍ እንዳለብን ይነግረናል እንጂ እውነትና ሐሰቱን አይወስንም። አንድ ተቋም ወይም ሰው የራሱን ወገን የሚጎዳ ነገር ሲናገር ክብደቱ ከፍ ይላል፤ በሕግ የተቋቋመ የመንግሥት ኮሚሽን የመንግሥትን ኃይሎች ሲከስ እንደዚያ ነው። የታጠቁ ኃይሎች ደጋፊ የሆነ ሰውም እነሱ በሲቪል ላይ ያደረሱትን ሲያምን እንዲሁ። ወገኑን የሚጠቅም ነገር ሲናገር ግን ሌላ፣ ከእርሱ ያልሰማ ምስክር ይፈለጋል። ይህ «ከእርሱ ያልሰማ» የሚለው ዋናው ነው። አሥር ሰው አንድን የቴሌግራም ገጽ አንብቦ ቢመሰክር ምስክሩ አንድ ነው። በሙስሊሞች ዘንድ ሐዲስ ከማን ወደ ማን እንደ ተላለፈ ሰንሰለቱ ስም በስም የሚጠየቀው፣ በኦሪትም ነገር በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ይጸናል የተባለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለ እምነት አንድ ነገር ብቻ። በዚህ መከራ ጊዜ «እገሌ የሚባሉ ባሕታዊ ይህ ጦርነት በዚህ ወር ያልቃል አሉ» የሚል ብዙ ይሰማል፤ ሰው እህሉን ሸጦ፣ ልጁን ከትምህርት አስቀርቶ የጠበቀ አለ። የሃይማኖት ሰው መጠየቅ ክሕደት እንዳይመስለው። ቶማስ ካልዳሰስሁ ብሎ ስለ ጠየቀ ከሐዋርያነቱ አልወጣም፤ ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ በዳግማይ ትንሣኤ ታስበዋለች። በእግዚአብሔር ማመን ሌላ፣ መነኩሴው ተናገሩ ያለውን ሰው ማመን ሌላ ነው። ቃሉን ከአፋቸው የሰማ ማን እንደሆነ ይጠየቅ።

የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ወሬ በማሰራጨት ያስቀጣል። ይኸው አዋጅ ግን በሁኔታው ተገቢ የሆነ የማጣራት ጥረት ላደረገ ሰው ከለላ አለው። ስለዚህ ማንን፣ መቼ፣ ምን ብለን እንደጠየቅን በማስታወሻ መያዝ ራስንም ይጠብቃል።

አቶ አዘጋጅ፣ ከጋዜጣችሁ የምለምነው ጥቂት ነው። ከጎጃም በምታወጡት ዜና ሁሉ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ሰዓቱን «ከቀኑ» ወይም «ከሌሊቱ» ብላችሁ ጻፉ። ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር የተነሣበትን ቦታና ቀን፣ ካልታወቀም «ቀኑ ያልተረጋገጠ» የሚል አስቀምጡ። ምንጫችሁ በዓይኑ ያየ፣ ካየ ሰው የሰማ፣ ወይስ መግለጫ ያነበበ እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሩን። ስታርሙም፣ በፊት ገጽ ያወጣችሁትን በፊት ገጽ አርሙ።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ
ደብረ ማርቆስ